በክረምት ወደ እንጦጦ አምባ

የክረምት ወራት በአገራችን የመሰብሰቢያ ወራት ነው። ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ አረሙን እየነቀለ ሰማዩን ያያል፤ መንገደኛውም ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ጓዙን አስቀምጦ ይጠብቃል። የጥንት ነገሥታት እንኳ በበጋ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወሩ ቢኖሩም፣ ዝናም በገባ ጊዜ ሰፈራቸውን በአንድ ቦታ አጽንተው ይከርሙ ነበር። «ከረመ» የምንለው ቃል ከክረምት ጋር አንድ መሆኑ ይህንኑ ያስረዳል።

ስለዚህም እኛ በልደታ ሰፈር የምንኖር ሰዎች፣ ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቻችንን ይዘን ወደ እንጦጦ ጥንታዊ ቅጥር በእግር ልንሄድ መሆናችንን የሰሙ ጎረቤቶቻችን መገረማቸው ተገቢ ነበር። አንዱ «ተራራው የትም አይሄድ፤ ለምን መስቀልን አትጠብቁም?» አሉን። ሌላይቱም ልጆቹ ብርድ እንዳይመታቸው ፈርተው እስከ ደጃፋችን ድረስ መጥተው መከሩን። ምክሩ የፍቅር ምክር ስለ ሆነ በአክብሮት ተቀበልነው፤ ነገር ግን መንገዳችንን አልተውንም። ምክንያታችንም ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው ምክንያት የቤታችን ጉዳይ ነው። የ18 ዓመት ወንድ ልጃችን አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ታናሽ እኅቱ ገና 12 ዓመቷ ነው። ልጅ አንድ ጊዜ ከቤት ከወጣ በኋላ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ በዚህ ክረምት ያላደረግነውን በሚመጣው ክረምት እናደርገዋለን ለማለት አልደፈርንም። ሁለቱም ልጆች ሕንፃ በሕንፃ በሆነው በዛሬው ልደታ ያደጉ ናቸው፤ ተራራውን የሚያውቁት ከቤታችን መስኮት በስተ ሰሜን ደመና ለብሶ ሲታይ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከታሪክ የመጣ ነው። አምባን በበጋ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ብቻ ያየ ይመስለናል። አባቶቻችን አምባን የሚመርጡት ስለ ገደሉ ብቻ አልነበረም፤ በዓመት ሦስት ወር ያህል ጭቃውና የሞላው ወንዝ ሌላ ቅጥር ሆነው ስለሚከቡትም ጭምር ነው። የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ተጠብቀው ይኖሩ የነበረበትን ዘመን እናስብ። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስም በመጨረሻ የተማመኑት በመቅደላ ነበር፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈው በዚያ ነው። ሊወጋቸው የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር በብዙ ገንዘብና በብዙ ጓዝ የተደራጀ ቢሆንም፣ እጅግ ይቸኩል የነበረው ክረምት ሳይገባ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለመመለስ ነው። መድፍ ያልፈራ ሠራዊት የወንዝ ሙላት ይፈራ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር ለልጆቻችን በቃል ብንነግራቸው ተረት ይሆንባቸዋል፤ በእግራቸው ቢያውቁት ግን አይረሱትም ብለን አሰብን።

አሁን ስለ ሄድንበት ስፍራ ጥቂት እንናገር። ብዙ ሰው እንጦጦን የሚያውቀው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት በተራራው ላይ ከትመው ኖሩ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። አምባው ለጦርነት ጊዜ መልካም ነበረ፤ ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ አስቸጋሪ፣ የማገዶውም እጥረት ከባድ ሆነ። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን ሜዳ ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች፤ ቤተ መንግሥቱም መኳንንቱም እያደር ወደ ቈላው ወረዱ።

ነገር ግን በተራራው ላይ ከምኒልክ ዘመን የሚቀድም ሌላ ሥራ አለ። በእንጦጦ ማርያምና ከአለት በተፈለፈለው በዋሻ ሚካኤል መካከል የአንድ ጥንታዊ ምሽግ ፍራሽ ይገኛል። ቅጥሩ አምስት ማዕዘን ያለው ነው። ስፍራውን ያጠኑ ሰዎች እንደ ጻፉት፣ እስከ 12 የሚደርሱ ግንቦች ነበሩት፤ የድንጋይ ቅጥሩ 520 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቁመቱም በአንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል። ቬኒሳዊው መነኵሴ ፍራ ማውሮ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1450 ግድም በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተጽፋለች። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብራይተርኒትዝ በ2009 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ስለዚህችው ስለ ባራራ ጽፈዋል፤ ከተማይቱም በዚሁ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው አገር ነበረች የሚለው አሳብ እየበረታ የሄደው ከዚህ ወዲህ ነው። የእንጦጦውን ፍራሽ ከባራራ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ክርክሩ ግን ገና አልተዘጋም። የታወቀው ነገር ዐፄ ልብነ ድንግል በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ጦር ድል ከሆኑ በኋላ የዚህ አገር ከተሞችና አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ መቃጠላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ምድር ከ300 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሳይሆን ኖረ።

በአንድ ሐሙስ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደን ከንጋቱ 12 ሰዓት ከልደታ ተነሣን። የፍልሰታ ጾም ስለ ነበረ አረጋዊት እናታችን በእንጦጦ ማርያም ሊያስቀድሱ ፈለጉ። እሳቸው በልጅነታቸው ከሽሮ ሜዳ ወደ ተራራው እየወጡ እንጨት ይለቅሙ የነበሩ ናቸው፤ ይህንንም እስከዚያ ቀን ድረስ ለልጆቹ ተናግረውት አያውቁም። በፒያሳና በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ፣ ባለቤታችን ከእናታችን ጋር በመኪና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ እኛ ከሁለቱ ልጆች ጋር በእግር ያዝነው። ከመለያየታችን በፊት እናታችን እጃችንን ይዘው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ዝናሙ አይገድልም፤ የሚገድለው ፈፋው ነው። ሞልቶ ብታገኙት አትግቡበት። እኔ ብጠብቅ ብጠብቅ አይሰለቸኝም።» ቅዳሴው የሚያበቃው በ9 ሰዓት ግድም ስለ ሆነ በዚያ ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

አቀበቱን ስንጀምር ሰማዩ ብራ ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ግን ጉም ወርዶ ባሕር ዛፉን ሸፈነው፤ ወዲያውም ካፊያ ጀመረ። በባሕር ዛፍ ሥር ሣር ብዙ ስለማይበቅል መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ዝናም ሲያገኘው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሴት ልጃችን ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ በሦስተኛው ጊዜ ወንድሟ እጇን ያዘ። ይህ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ምክንያት ልትለቀቅ እንደምትችል፣ ምኒልክም አዲስ ዓለምን ሌላ ከተማ ሊያደርጓት አስበው እንደ ነበረ ነገርናቸው። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን በስፍራዋ አጸናት፤ ይሁን እንጂ የአገሩን ጽድና ወይራ በብዙ ቦታ ተክቶ አፈሩን ለጎርፍ አሳልፎ ሰጠ። በዚህ ዘመን በተራራው ላይ የአገር በቀል ዛፍ እንደ ገና እየተተከለ መሆኑ መልካም ነገር ነው።

በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የምኒልክን ቤት ስናሳያቸው ልጆቹ ዝም አሉ። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ነጭ የተቀባ ቤት ነው። ሴት ልጃችን «ንጉሥ በዚህ ውስጥ ይበርደው ነበር?» ብላ ጠየቀችን። «ይበርደው ነበር፤ የወረደውም ስለዚሁ ነው» አልናት። ከዚያም በሸንተረሩ ላይ ወደ ምሥራቅ ሄድን። ቦታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ልደታ የለመደ ሳንባ ቶሎ ይደክማል፤ በየመቶ እርምጃው እየቆምን ትንፋሽ እንወስድ ነበር።

በአንዱ ማረፊያ ላይ የውሃውን ነገር አስረዳናቸው። ይህ ሸንተረር የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ነው። በደቡብ በኩል የወደቀው ዝናም በቀበናና በሌሎቹ ጅረቶች ከተማችንን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በሐይቅ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወደቀው ግን ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅንም አልፎ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይጓዛል። ወንድ ልጃችን ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ እኔ የዓባይ ወገን ሆንኩ» አለ። ታናሽ እኅቱ ግን አልሳቀችም፤ «እኔን ለአዋሽ ትታችሁኝ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። የወንድሟ መሄድ እንዴት እንደ ከበዳት ያን ጊዜ ገባን፤ በቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም ነበርና።

በአምስት ሰዓት ግድም ከቅጥሩ ደረስን። ጉሙ እጅግ ስለ በረታ ፍራሹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት አልተቻለንም፤ ቅጥሩ ከፊታችን ጥቂት ክንድ ብቻ እየታየ፣ ስንራመድ እየተገለጠ ስንርቅ እየተሰወረ ሄደ። ድንጋዮቹ በሽበትና በቈጥቋጦ ተሸፍነዋል፤ በመካከላቸው ውሃው ይንቈረቈራል። ልጆቹ በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት። ከዚህ ቅጥር ላይ ሆኖ ጠላት ሲመጣ ለማየት የቆመ ዘበኛ በእንዲህ ያለ ቀን ምን ያይ እንደ ነበረ ወንድ ልጃችን ጠየቀ። መልሱን ራሱ አገኘው፦ «ምንም አያይም፤ ነገር ግን ጠላቱም አያይም።» ክረምት ለሁለቱም ወገን ቅጥር መሆኑን ከዚህ የበለጠ አድርገን ልናስረዳው አንችልም ነበር።

በቅጥሩ ላይ ሊወጣ በፈለገ ጊዜ ከለከልነው፤ ዝናም የጠጣ ግድግዳ ለሚወጣበት ሰውም ለራሱም አይሆንምና። ጥቂት ቆይቶ ከወደቁት ድንጋዮች መካከል አንዲት የጡጫ ያህል ድንጋይ አንሥቶ በከረጢቱ ከተተ። «ባሕር ዳር ስሆን ቤቴን የማስብበት ትሁነኝ» አለን። ነገሩ ልባችንን ነካው፤ አንድ ልጅ አገሩን ወዶ ከምድሯ ጥቂት ይዞ መሄድ መፈለጉ የሚያስወቅሰው ምን አለ? ሆኖም ልጃችንን አስቀምጠን እንዲህ አልነው፦ «ይህን ቅጥር ጦር አፍርሶታል፤ እሳትም ዝናምም ነክቶታል። የቀረው ግን ለቤት መሠረትም፣ ለአጥርም፣ ለመታሰቢያም እያለ አንድ አንድ ድንጋይ በሚወስድ ሰው እጅ ያልቃል። እያንዳንዱ ወሳጅ የእኔዋ ድንጋይ ትንሽ ናት ይላል።» ልጁ ፊቱን አጠቈረ፤ ብዙ ጊዜም ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ ድንጋይዋን ወደ አነሣበት ስፍራ መለሳት። ደስ ብሎት አልነበረም፤ እኛም ደስ ይበልህ አላልነውም። አንዳንድ ትክክል ነገር ሲያደርጉት ደስ አያሰኝም፤ ይህንንም ማወቅ የትምህርት ክፍል ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ለመመለስ ተነሣን። ያን ጊዜ ነው መብረቅ ጮኾ ዝናሙ በእውነት የወረደው። ከረጃጅሞቹ ዛፎች ርቀን፣ ዝቅ ባለ ስፍራ ቁጢጥ ብለን እስኪያባራ ቆየን። መንገድ ስንጀምር ጠዋት ስንመጣ በአንድ እርምጃ ያለፍናት ፈፋ ቀይ ጎርፍ ሞልታ፣ ድንጋይ እያንከባለለች ትወርድ ነበር። ስፋቷ ከሦስት ክንድ አይበልጥም። ወንድ ልጃችን ጫማውን አጥብቆ «እኔ ዘልዬ ልሻገርና ሄጄ ለእማማ ልንገራቸው፤ ሲጠብቁን ይጨነቃሉ» አለ። እግሩ ረጅም፣ ጉልበቱ ብርቱ ነው፤ ምናልባትም ይሻገራት ነበር። ነገር ግን ባይሻገራትስ? ከታች በኩል ፈፋዋ ወደ ገደል ትገባለች። «አይሆንም» አልነው። እሱም አሁን ሰው የሆነ ስለ መሰለው ተከራከረን፤ የአያቱን መጨነቅ እየጠራም ቃላችንን አከበደብን።

በዚህ ክርክር ላይ ሳለን አንዲት ጎልማሳ ሴት በጀርባቸው ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል አዝለው ከዛፉ መካከል ወጡ። ፈፋዋን አንድ ጊዜ አዩአት፤ ምንም ሳይናገሩም ሸክማቸውን አውርደው ተቀመጡበት። ያን መንገድ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተመላለሱበት እግራቸው ይናገራል። ልጃችን «እናቴ፣ አይሻገሩም?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «ጎርፍ እንግዳ ነው፤ አያድርም። የምቸኩለው እኔ፤ ሸክሙ የእኔ፤ ቢሆንም ልጆቼ እንጨቱን ሳይሆን እኔን ነው የሚጠብቁት» አሉት። ልጃችን ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። አጠገባቸው ተቀመጠ። ለልጃችን የቋጠርነውን ቆሎና ዳቦ አቀረብንላቸው፤ ጾመኛ ነኝ ብለው መልሰው፣ ለልጆቻቸው የሚሆን ጥቂት ቆሎ ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ጎደለ፤ ከዚያ በኋላ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነካ። ልጃችን ሸክሙን ላግዝዎት ብሎ ተሸከመው፤ መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ትንፋሽ አጠረው። ሴትዮዋ ስቀው መልሰው አዘሉት። እኅቱ ግን አልሳቀችም፤ «እማማም በኔ ዕድሜ ይህን ይሸከሙ ነበር?» አለችን። «ይሸከሙ ነበር» አልናት። ከቤተ ክርስቲያኑ የደረስነው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። እናታችን በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ባለቤታችን ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ እሳቸው ግን አልተነሡም። «ፈፋው ሞልቶ ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሴት ልጃችን ጭቃማ እንደ ሆነች በጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ስለ ልጅነታቸው ትጠይቃቸው ጀመር፤ እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ መንገር አልተዉም።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ ያገኘነውን ለሌሎች ቤተ ሰቦች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን እናምናለን። መጀመሪያ፤ በክረምት ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ሳይወስን አይነሣ፤ በአገራችን የክረምት ዝናም ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ጠዋቱን ይጠቀምበት። ሁለተኛ፤ የሚጠብቅ ዘመድ ካለ «ብንዘገይ አትጨነቁ፤ ውሃ ይዞን ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ ይስማማ፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው ውሃው ስለሚያስቸኩለው ሳይሆን ቀጠሮው ስለሚያስቸኩለው ነው። ሦስተኛ፤ በመብረቅ ጊዜ ከብቸኛ ዛፍና ከከፍታ ጫፍ ይራቅ። አራተኛ፤ በጥንታዊ ቅጥር ላይ አይውጣ፤ ከድንጋዩም አይውሰድ። አምስተኛም፤ መንገድ የሚያውቁትን የአገሩን ሰዎች፣ ይልቁንም እንጨት ተሸካሚዎቹን እናቶች፣ በትሕትና ይጠይቅ፤ ተራራው መጽሐፍ ከሆነ እሳቸው በየቀኑ የሚያነቡት ናቸው።

ስለ ልጆች አስተዳደግ የምንጨምረው አንድ ቃል ነው። ልጆቻችን ታሪክን ሲማሩ ድል ያደረገውንና ድል የሆነውን፣ የገነባውንና ያፈረሰውን ይማራሉ። ሁሉንም ያሳለፈው ግን ተቀምጦ መጠበቅን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ከመጽሐፍ ብቻ አያገኙትም። የእንጦጦን ቅጥር የሠሩት ነገሥታት አልፈዋል፤ ያቃጠሉትም አልፈዋል፤ ውሃው እስኪጎድል በሸክማቸው ላይ የሚቀመጡት እናቶች ግን ዛሬም ከዚያው ተራራ እየወረዱ የከተማይቱን ምጣድ ያሰማሉ። ከቤቱ የሚወጣ ልጅ ይህን አይቶ ቢወጣ፣ በሄደበት አገር ሁሉ የሞላ ፈፋ በገጠመው ጊዜ መቀመጥን ያውቅበታል።